መንገድ ዳር ያለውን የፕሮጀክት ታፔላ እንዴት እናንብበው? (ለወሎ ልጆች)

ከደሴ ወደ ሐይቅ ሂዱ ወደ ኩታበር፣ ወደ ወረኢሉም ቢሆን፣ መንገድ ዳር ታፔላ አይጠፋም። የውሃ ነው፣ የጤና ጣቢያ ነው፣ የተፋሰስ ነው፣ ከስሩ የአርማ መዓት ተደርድሯል። እናያለን እናልፋለን። የቅሬ (የእድር) ብር ሲሆን ድንኳኑ በስንት ተገዛ ሳህኑ የት ገባ ብለን ዳኛውን ቁም ስቅሉን እናሳየዋለን፣ በስማችን የመጣ ሚሊየን ዶላር ሲሆን ግን "የፈረንጅ ገንዘብ ነው" ብለን ዝም። ብድር ከሆነ እኮ ከፋዩ ፈረንጅ አይደለም፣ እኛና ልጆቻችን ነን።

መጀመሪያ ታፔላውን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ፀሀይ ቶሎ ነው የሚያጠፋው። የፕሮጀክቱ ሙሉ ስም፣ የገንዘብ ምንጭ፣ ባለቤት መስሪያ ቤት፣ ተቋራጭ፣ የሚያልቅበት ጊዜ፣ እነዚህ ይታዩ። ከሁሉም ስሙ ይበልጣል፣ በኋላ የምትፈልጉት በሱ ነውና። "በዓለም ባንክ ድጋፍ" የሚለውን አይታችሁ ግን እርዳታ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ያው ባንክ ሁለቱንም ይሰጣል፣ በሐምሌ 2016 ለኢትዮጵያ ካጸደቀው 1.5 ቢሊየን ዶላር ውስጥ 1 ቢሊየኑ እርዳታ ነበር 500 ሚሊየኑ ደግሞ ብድር።

ብድር መሆኑን የምታረጋግጡት በነጋሪት ጋዜጣ ነው። መንግስት ከውጭ ሲበደር ስምምነቱ ፓርላማ ቀርቦ "የብድር ስምምነት ማጽደቂያ አዋጅ" ተብሎ ይወጣል፣ አጭር ነው፣ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይም ይገኛል። የፕሮጀክቱን ስም ከነዚህ ቃላት ጋር ጎግል አድርጉ። ስታገኙት ሶስት ነገር እዩ፦ የእፎይታ ጊዜው (ዋናውን ብድር መክፈል የማይጀመርበት) ስንት ዓመት ነው፣ በስንት ዓመት ይከፈላል፣ ወለዱ ወይም የአገልግሎት ክፍያው ስንት ነው።

ለምን ይጠቅማል ካላችሁ ሒሳቡን እንስራው። የዓለም ባንክ ለድሀ አገራት በሚያበድርበት ክንፉ በኩል የተለመደው ብድር 6 ዓመት እፎይታ፣ በጠቅላላው 38 ዓመት፣ 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ ማለትም በ1 ሚሊየን ዶላር ላይ በዓመት 7,500 ዶላር። አገራችን በ2007 የሸጠችው የ1 ቢሊየን ዶላር ዩሮቦንድ (ለውጭ ባለሀብቶች የሚሸጥ የብድር ሰነድ) ወለዱ 6.625 በመቶ ነበር፣ ለዛችው 1 ሚሊየን 66,250 ዶላር ማለት ነው፣ ዋናውን በአስር ዓመት መመለስ ሳይቆጠር። ታህሳስ 2016 ላይ የዚሁ ቦንድ 33 ሚሊየን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ፣ የሰማችሁት ነው። እኛው ጋ ደግሞ የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ባቡር አለ፣ ገንዘቡ ከቱርክ ኤክዚም ባንክ እና የስዊዘርላንዱ ባንክ ክሬዲት ስዊስ ካስተባበራቸው የንግድ ባንኮች የተበደርነው ነው። ሀዲዱም የውሃ ቦኖውም በ"ውጭ ገንዘብ" ተሰራ ይባላል፣ እዳቸው ግን አይገናኝም። ሌላው ብሩ ነው፣ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ከዛ በኋላ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ የዶላር እዳም በብር ሲቆጠር አብሮ አበጠ።

የዓለም ባንክ ፕሮጀክት ከሆነ ድረገጹ ላይ ገብታችሁ በስሙ ፈልጉት፣ "ፒ" (P) እና 6 አሃዝ ያለው መለያ አለው፣ በዛ ሁሉም ሰነድ ይመጣል። ረጅሙን ሰነድ ከዳር እዳር ማንበብ አይጠበቅባችሁም (እኔ በበኩሌ እንቅልፌ ይመጣል)፣ የወጪ ሰንጠረዡን እና በየጊዜው የሚወጣውን የአፈፃፀም ሪፖርት እዩ። ሪፖርቱ ምን ያህል ገንዘብ እንደተለቀቀ ይናገራል። ገንዘቡ አብዛኛው ተለቆ የናንተ ቀበሌ ቧንቧ ደረቅ ከሆነ ጥያቄ አላችሁ ማለት ነው።

ጥያቄው የት ይቅረብ? ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ጋ ነው፣ ሁሉም ሊቀመንበሩ ቤት ይሄዳል፣ ሊቀመንበሩ ምን ያድርግ። ወረዳ ላይ ያሉ ሰዎች ገንዘቡ የሚመጣበትን መንገድ "ቻናል" ይሉታል። ቻናል 1 በገንዘብ ጽ/ቤት በኩል የሚያልፍ ነው፣ ቻናል 2 በቀጥታ ለሴክተሩ ለውሃ ለጤና ለግብርና የሚመጣ፣ ቻናል 3 ደግሞ የመንግስትን ካዝና ሳይነካ ድርጅቱ ራሱ የሚያወጣው። ስለዚህ መጀመሪያ "ይሄ ፕሮጀክት በየትኛው ቻናል ነው የመጣው?" በሉ፣ ይቺን ስትጠይቁ የሚያስተናግዳችሁ ሰው ቀና ብሎ ያያችኋል። ቻናል 3 ከሆነ ገንዘብ ጽ/ቤት ወረፋ አትያዙ፣ ድርጅቱ ቢሮ ሂዱ።

በቃል ብቻ አትመለሱ፣ ጻፉ። "ጉዳዩ፦ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሰረት መረጃ ስለመጠየቅ" ብላችሁ ጀምሩ፣ ከስር ሶስት መስመር ይበቃል፦ ለቀበሌያችን የተመደበው ስንት ነው፣ እስካሁን የወጣው ስንት ነው፣ መቼ ያልቃል። ሁለት ኮፒ ይሁን፣ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥታችሁ በናንተው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስመቱ፣ "ግድ የለም እናስታውሳለን" ቢሏችሁም እሺ አትበሉ። ህጉ መልስ በ30 ቀን ይላል፣ ካልመጣ እንባ ጠባቂ አለ፣ ያቺ ማህተም ያለባት ኮፒ ያኔ ነው የምታስፈልገው።

ሴፍቲኔት (ለችግረኛ ቤተሰብ ምግብ ወይም ብር የሚሰጠው ፕሮግራም) ለየት ይላል። ከ1997 ጀምሮ የዓለም ባንክና የብዙ አገራት ገንዘብ አንድ ላይ ነው የሚመጣው፣ ወሎ ደግሞ ከነባሮቹ አካባቢዎች ነው። የተጠቃሚ ስም ዝርዝር በአደባባይ መለጠፍና በስብሰባ መነበብ አለበት፣ ስማቸው የቀረ እናቶች ካሉ መጀመሪያ የሚሄዱት ቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጋ ነው፣ ያስመዘግቡ። ጉዳቱ ከባድ ሆኖ እዚህ ሰሚ ከጠፋ የዓለም ባንክ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢንስፔክሽን ፓነል የሚባል አቤቱታ መርማሪ አካል አለው፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ በአማርኛም መጻፍ ትችላላችሁ፣ ስማችን አይውጣ ማለትም ይቻላል። ከጋምቤላ የተሰደዱ ሰዎች በ2012 እ.ኤ.አ. አመልክተው ምርመራ ተደርጓል።

ፕሮጀክቱ እርዳታ ከሆነስ? እርዳታ እንደሰጪው ሁኔታ ነው። ሀብታም አገራት ከገቢያቸው 0.7 በመቶ እንሰጣለን ካሉ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፣ ሐምሌ 2007 አዲስ አበባ በተደረገው የልማት ገንዘብ ጉባኤም ደገሙት፣ የፈፀሙት እንደነ ኖርዌይ ሉክሰምበርግ ያሉ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤድ በ2017 እንዴት እንደተዘጋ አይታችኋል። ደቡብ ወሎ ያላችሁ ትልልቆቹን ጠይቁ፣ የስዊድኑ የእርዳታ ድርጅት ሲዳ ከ1997 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. እዚህና ምስራቅ ጎጃም ሰርቶ ጨርሶ ሄዷል። ስለዚህ እርዳታ ሲሆን የርክክብ ሰነዱን ጠይቁ፣ ፓምፑን የተረከበው ማን ነው፣ መለዋወጫ የሚገዛው ከየትኛው ሒሳብ ነው፣ የውሃ ኮሚቴው ደብተር ባንክ ውስጥ ስንት ብር አለው። ይሄንን ደግሞ ድርጅቱ መኪናውን አስነስቶ ከመሄዱ በፊት ነው መጠየቅ።