የድሮ ሃይስ (የቶዮታ ሚኒባስ) የጎን በር፦ እጀታው ለምን ደጋግሞ ይሰበራል?

ቁልፉ አልዞር ካለ አቧራ ነው። በኮምፕረሰር ንፉት፣ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) ጨምሩበት። የሞተር ዘይት አታንጠብጡበት፤ አቧራውን ይዞ ጭቃ ያደርገዋል።

ቁልፉ እየዞረ በሩ ካልቆለፈ የውስጡን ዘንግ የሚይዘው የፕላስቲክ ክሊፕ ወልቋል። አዲስ ክሊፕ ግጠሙ፣ በሽቦ አትሰሩ። የታሰረ ሽቦ ተጠምዝዞ በሩን የሚቆልፈውን መንጠቆ ስለያዘው ተሳፋሪው ሁሉ በሹፌሩ በር ሲወርድ አይቻለሁ። እሳት ቢነሳስ?

ዋናው ግን «እጀታው ተሰበረ፣ ቀይርልኝ» የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእጀታው አይደለም፤ በሩን በሐዲዱ ላይ የምታንከባልለው የትንሿ ጎማ፣ የሮለሩ ነው።

የጎን በሩ የሚሄደው ከላይ፣ ከታችና ከመሃል ባሉ ሮለሮች ነው። የበሩን የኋላ ጫፍ የሚሸከመው በውጭ ሐዲድ የሚሄደው የመሃሉ ነው። እሱ ሲበላ በሩ ከኋላ ይወርዳል። መንጠቆውና በሩ ሲዘጋ የሚነክሰው መያዣ ብረት አይገጥሙም፣ እየተፋፋቁ ይነካከሳሉ። ረዳቱ ቸኩሏል፣ በሁለት እጁ ይጎትታል። የእጀታው የውስጥ ክንድ ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

አንድ ባለ ሚኒባስ እጀታ በገዛ ቁጥር «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይል ነበር። ፎርጅድ መሆኑስ እውነት ነው፤ በእጅ ሲጫኑት የሚታጠፍ ነገር ይሸጣሉ! ግን በሩን ሳወርደው የሮለሩ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ረግፎ ባዶ ብረቱ ሐዲዱን እየፋቀ ነበር። ሮለሩ ሲቀየር በሩ በአንድ ጣት ተከፈተ።

ፍተሻው ቀላል ነው። በሩን ግማሽ ክፈቱና የኋላ ጫፉን ወደ ላይ አንሱት። ከፍ ዝቅ ካለ ሮለሩ ወይም የሮለሩ ክንድ ፒን አልቋል። ቀይሩት። ሐዲዱን በነጭ ጋዝ እጠቡ፤ ግራሶ አትለቅልቁበት፣ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ አዲሱን ሮለር ይሞርደዋል። ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ገበያ) ስትገዙ ከአዲሱ ፎርጅድ ይልቅ ከተፈታ መኪና የወጣ፣ ያልላላ ኦሪጅናል ምረጡ።

መያዣውን ብረት የምትነኩት ከዚያ በኋላ ነው። ብሎኖቹን ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በምስማር ምልክት አድርጉ። ሮለሩን ትቶ መያዣውን ዝቅ ማድረግ ጥገና አይደለም፤ በሩ መውረዱን አያቆምም።

በመጨረሻ በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉ። መንጠቆው ሁለት ጊዜ ቀጭ ማለት አለበት። አንዴ ብቻ ካለ በግማሽ ነው የያዘው፤ ኩርባ ላይ ሊከፈት ይችላል፣ በሩን ተደግፎ የተቀመጠ ሰው አለ። እንዲህ ሆኖ መኪናውን እንዳታስረክቡ።