ስሪዲ አልትራሳውንድ ሲደበዝዝብህ ከቱዲው ጀምር

የሕፃኑ ፊት እንደ ቀለጠ ጧፍ ሆኖ ሲወጣ ብዙዎቻችን ማለስለሻውን እንጨምራለን፣ ቀለሙን እንቀያይራለን። ፊቱ ግን ያው ነው። ስሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታው ምስል) እኮ ፕሮቡ (ሆድ ላይ የምናሳርፈው መሣሪያ) ውስጥ ያሉት ክሪስታሎች እየተወዛወዙ ያነሷቸው የቱዲ ምስሎች፣ ማለትም ጠፍጣፋ ቁራጮች፣ ክምር ነው፤ ቁራጩ ከደበዘዘ ክምሩም ይደበዝዛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥልቀቱን ቀንስ። የእናቲቱ አከርካሪ ምን ያደርግልሃል? የምስሉን ጎንና ጎንም አጥብብ። ከዚያ በስክሪኑ ጠርዝ ያለችውን የፎከስ ምልክት (ድምፁ የሚያተኩርበትን ጥልቀት የምታሳየውን) ፊቱ ላይ ወይም ትንሽ ዝቅ አድርገህ አስቀምጣት። ሦስት አራት ፎከስ የሚደረድር አለ፤ ማሽኑ ግን ለእያንዳንዱ ለብቻው ድምፅ መላክ ስላለበት ፍሬም ሬቱ (በሰከንድ የሚወጣው የምስል ብዛት) ይወርዳል፣ ጽንስ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅህም። አንድ ይበቃል።

ፍሪኩዌንሲው (የድምፁ ድግግሞሽ) እንደ እናቲቱ ነው። ከፍ ሲል ሞገዱ አጥሮ ምስሉ ይጠራል፣ ግን ጥልቅ አይገባም። በ2 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 0.77 ሚሊሜትር ነው፣ በ5 ደግሞ ወደ 0.3 ይወርዳል። ስለዚህ ቀጭን እናት ላይ ከፍ አድርገው፣ ወፈር ያለች ላይ ዝቅ አድርገህ ሃርሞኒክ (ማሽኑ ከላከው በእጥፍ ፍሪኩዌንሲ የሚመለሰውን ድምፅ የሚያነብበት ዘዴ) አብራ። ስብ ሌላም ጣጣ አለው፦ ማሽኑ ድምፅ በሰከንድ 1540 ሜትር ይሄዳል ብሎ ነው የሚያሰላው፣ ስብ ውስጥ ግን 1450 አካባቢ ስለሆነ ፎከሱ ይዛነፋል። የድምፅ ፍጥነት ማስተካከያ ካለህ ሞክረው፤ ከሌለህ ስቡ ሳሳ በሚልበት በእምብርት በኩል ግባ።

ብዙ ሰው የሚረሳው የቁራጩን ውፍረት ነው። በተለመደው የሚወዛወዝ ፕሮብ በዚያ አቅጣጫ ያለው ፎከስ በሌንሱ የተወሰነ ነው፣ የምታዞረው ቁልፍ የለውም። ማትሪክስ ፕሮብ (ክሪስታሎቹ በረድፍና በዓምድ ተደርድረው በዚህም አቅጣጫ ፎከስ የሚያደርግ) ከሌለህ በጣም የምትፈልገውን ነገር በቀጥታ በምታነሳው ቁራጭ ላይ አድርገው። ለፊት ከሆነ ከጎን፣ ግንባር አፍንጫና አገጭ በአንድ መስመር ሲታዩ ጀምር። ማሽኑ ከክምሩ ቆርጦ የሚሠራልህ ሦስተኛው ምስል ሁሌም ደብዛዛው ነው።

ስታነሳ ጥራቱን ከፍ ካደረግክ ቁራጮቹ ይቀራረባሉ፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። አንዴ መሃል ላይ ሕፃኑ እጁን ሰነዘረና ጣቶቹ ጉንጩ ላይ ተለጥፈው ወጡ፤ እናቲቱ ክው አለች። «እህቴ፣ ትንፋሽሽን ያዥልኝ» ብዬ፣ ክሪስታሎቹ የሚወዛወዙበትን ማዕዘን አጥብቤ ደገምኩት፣ ጉንጩ ላይ ምንም የለም።

ደግሞ ከፊቱ ፊት የሽርት ውሃ ከሌለ አትልፋ። ፊቱ እንግዴ ልጁ ላይ ከተለጠፈ በጎኗ አስተኛት፣ ወይም ትንሽ ወክ አድርጋ ትመለስ።