ሞተር ያለው የመኪና አንቴና ሲሰበር እንዴት ይጠገናል?

ሬዲዮ ሲከፈት የሚወጣ፣ ሲዘጋ የሚገባ አንቴና በአዳዲስ መኪኖች ላይ ከቀረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ የወጣው መርሴዲስ ደብልዩ 124 እና በ1990 የተከተለው ላንድ ክሩዘር 80 ግን ዛሬም መንገድ ላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም ይህ አንቴና አላቸው። ሲቆም ባለመኪናው የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ሙሉውን ቀይረው»። እኔ ይህን ምክር ቶሎ አልቀበልም። ሞተሩ ጠንካራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሰበረው ዘንጉን ወደ ላይ የሚገፋውና ወደ ታች የሚስበው ጥርስ ያለው የናይለን ገመድ ነው። እርሱ ደግሞ ከዘንጉ ጋር ተያይዞ ለብቻው ይሸጣል።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት አዳምጡ። ቁልፉን አዙራችሁ ሬዲዮውን ክፈቱና ወደ አንቴናው ጠጋ በሉ። ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች እየዞረ ዘንጉ ካልተነቃነቀ ናይለኑ ተበጥሷል። ግማሽ መንገድ ወጥቶ «ጠቅ ጠቅ» እያለ ከቆመ ዘንጉ ታጥፏል ወይም በአቧራ ተይዟል። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዙን፣ ቀጥሎ የማይቋረጠውን 12 ቮልትና ማሳውን (ከመኪናው ብረት ጋር የተያያዘውን የኔጋቲቭ መስመር)፣ ከዚያም ከሬዲዮ የሚመጣውን ትእዛዝ ሰጪ ሽቦ በቴስተር ለኩ። ሞተሩን መጠርጠር ያለባችሁ ሦስቱም ደህና ከሆኑ ብቻ ነው።

የታጠፈ ዘንግ በፒንሳ አይቃናም። ቱቦዎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተቱ ቀጫጭኖች ስለሆኑ ለዓይን ቀጥ ያለ የሚመስለውም እጥፋቱ ጋ ሲደርስ መያዙ አይቀርም።

ዕቃውን መግዛት

መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የድሮውን ዘንግ ይዛችሁ ሂዱ። የናይለኑን ርዝመትና ውፍረት፣ የጥርሶቹን ስፋት፣ የዘንጉን እግር ጎን ለጎን አስተያዩ። «ለሁሉም መኪና ይሆናል» የሚባለውን እኔ አልገዛም። ያገለገለ ከሆነ ናይለኑን ቀስ ብላችሁ ጎንበስ አድርጉት፤ የታጠፈበት ቦታ ነጭ ሆኖ ከቀረ ደርቋልና ተዉት።

አሮጌውን ማውጣት

ፓራፋንጎው እንዳይጫር ዙሪያውን በናስትሮ ሸፍኑ። ከላይ ያለውን ክፍተት ያለው ዳዶ ሹል አፍ ባለው ፒንሳ ፍቱ። ከዚያ አንድ ሰው ሬዲዮውን ይክፈት፤ እናንተ ዘንጉን በቀስታ ያዙ፣ ናይለኑ ካልተበጠሰ ሞተሩ ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል። ያኔ አትጎትቱት።

የወጣው ናይለን ሙሉ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ የሚቀጥለውን አንቀጽ እለፉት። አጭር ከሆነና ጫፉ የተቀደደ ከሆነ ግን ቀሪው ናይለን በሞተሩ ጎን ባለው ክብ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ይህን ሳያወጡ አዲሱን መክተት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አዲሱ ናይለን ከአሮጌው ስባሪ ጋር ተጋፍቶ ይጣመማል፤ ገንዘቡም በዚያው ይቀራል።

በዚህ ጊዜ ሞተሩ መውረድ አለበት። በደብልዩ 124 ከኋላ በስተግራ፣ ከዕቃ መጫኛው ሽፋን ጀርባ ታገኙታላችሁ። በላንድ ክሩዘሩ ከፊት ፓራፋንጎ ውስጥ ስለሆነ ከጎማው በላይ ያለውን መከላከያ ፕላስቲክ መፍታት ግድ ነው። ኤሌክትሪኩን ለማቋረጥ የአንቴናውን ፊውዝ መንቀል ይበቃል። የባትሪ ገመድ ለመንቀል አትቸኩሉ፤ በዚያ ዘመን መርሴዲሶች ላይ ከሚገኙት የቤከር ሬዲዮዎች ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥባቸው ኮድ ይጠይቃሉ፣ ኮዱ የተጻፈበት ካርድ ደግሞ ከመጀመሪያው ባለቤት ጋር ከጠፋ ሰንብቷል። የክቡን ቤት ብሎኖች ስትፈቱ ክዳኑ ወደ ላይ ይሁን፤ የውስጡን ጥርሳም መንኮራኩሮች ሳትነኩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስባሪዎቹን አንድ በአንድ ልቀሙ፤ የደረቀውን አሮጌ ግራሶ በጨርቅ ጠርጋችሁ በስሱ አዲስ ቀቡ። በዚሁ አጋጣሚ ከሥር ያለውን የውኃ ማፍሰሻ ቱቦ ንፉት። በጭቃ ከተደፈነ ዝናቡ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሞተር በእውነት የሚሞተውም በዚህ ነው።

አዲሱን ማስገባት

ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ሬዲዮው ጋ ይቀመጣል፣ ሌላው አንቴናው ጋ ይቆማል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አይሠራም፤ ናይለኑ በሚገባበት ጊዜ ሬዲዮው ክፍት ሆኖ ሞተሩ መግፋቱን ጨርሶ የቆመ መሆን አለበት። የሚስበው ሬዲዮው ሲዘጋ ነው።

ዘንጉን እስከ መጨረሻው ዘርጉት። ናይለኑን ጥርሶቹ ወደ ሞተሩ እንዲዞሩ አድርጋችሁ ወደ ቱቦው ስደዱ፣ ሲነካ ይሰማችኋል። እዚያ ላይ በቀላሉ ብቻ ተጭናችሁ «ዝጋ» በሉ። ጥርሱ ከያዘ ናይለኑ ከእጃችሁ መሳብ ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ ሥራችሁ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ መከተል ብቻ ነው። ካልያዘ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች ዞሮ ይቆማል። ሬዲዮው እንደገና ይከፈት፣ ሞተሩ እስኪቆም ጠብቁ፣ ናይለኑን ሩብ ዙር አዙሩና ድገሙት። የመጀመሪያው ሙከራ ባይሳካ የተበላሸ ነገር አለ ማለት አይደለም። ትዕግሥት ያጣ ሰው በኃይል ይገፋል፤ የተገፋ ናይለን ደግሞ ቱቦው ውስጥ ይታጠፋል፣ አንዴ የታጠፈበትም ቦታ ነገ ይበጠሳል።

ዘንጉ ጥቂት ጣት ያህል ውጭ ቀርቶ ቢቆም በመዳፋችሁ አትምቱት። ዳዶውን በእጅ ብቻ አስራችሁ ሬዲዮውን ክፈቱ፣ ዝጉ፣ ድገሙ፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ መጨረሻውን ያገኛል። ከዚያ በፒንሳ አጥብቁት።

ሞተሩን አውርዳችሁ ከነበረ ስትመልሱ የአንቴናው መቀመጫ ፓራፋንጎውን የሚነካበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ። ብረት ከብረት ካልተነካካ ሬዲዮው ይንጫጫል፤ ጥፋቱ ግን በአዲሱ ዘንግ ይሳበባል።

አንዳንዱ ከዚህ ሁሉ ድካም አጭር የጎማ አንቴና ይሻላል ይላል። ኤፍ ኤም 97.1 ላይ የሞገዱ ሩብ 77 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ለዚህ ጣቢያ ጥሩ ተቀባይ የሚሆነው ወደዚያ የሚጠጋ ዘንግ ነው። አጭሩ ከተማ ውስጥ ያዘልቃል፣ ከከተማ ስትወጡ ቀድሞ ዝም ይላል። ጣሪያ ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፈው የዓሣ ክንፍ መሳይ ነገርማ ብዙውን ጊዜ ከምንም ሽቦ ጋር ያልተያያዘ ጌጥ ነው።

ዘንጉን አልፎ አልፎ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና ቀጭን የሲሊኮን ዘይት አስነኩት። ግራሶ አትቀቡ፣ አቧራ ይሰበስባል። መኪናው ከመታጠቡ በፊት ሬዲዮው ይዘጋ።

ሬዲዮው ተቀይሮ ከሆነ

በአዳዲስ ሬዲዮዎች ጀርባ የአንቴናው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ መስመር ያለበት ሰማያዊ ደግሞ የአምፕሊፋየር ነው። ከሁለተኛው ጋር ካያያዛችሁት ከፍላሽ ዘፈን ስትሰሙም አንቴናው ተዘርግቶ ይውላል፣ ለቅርንጫፍም ለሰው እጅም ይጋለጣል። ከሙሉ ሰማያዊው ጋር ከተያያዘ ግን በብዙዎቹ ሬዲዮዎች የሚወጣው ጣቢያ ስታዳምጡ ብቻ ነው። ይህ ሽቦ ትእዛዝ ለማስተላለፍ እንጂ ሞተር ለማዞር የሚበቃ ጉልበት የለውም። የድሮው አንቴና የራሱ ሪሌ (በትንሽ ትእዛዝ ትልቁን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ከሌለው በመካከል አንድ ሪሌ አስገቡ፤ አለበለዚያ የሚቃጠለው ሬዲዮው ነው።