የትንንሽ ደሴቶች ዕድገት ሲለካ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ከመስቀል አደባባይ ወደ አራት ኪሎ በሚወጣው መንገድ ዳር አፍሪካ አዳራሽ ቆሟል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም የአፍሪካ ኅብረትም መቀመጫቸው እዚሁ ከተማ ስለሆነ፣ ስለ ሲሸልስ፣ ስለ ኬፕ ቨርዴ ወይም ስለ ኮሞሮስ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ስድስት ኪሎ አካባቢ አይጠፋም። እንዲህ ያሉ ረቂቆችን ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የማያቸው ስህተቶች ግን ያው ናቸው። አብዛኞቹ የሚመጡት ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር የለመድነውን መለኪያ፣ የአንድ ወረዳ ያህል ሕዝብ ባላት ደሴት ላይ እንዳለ ስንጭነው ነው።

የመጀመሪያው የአንድ ዓመት መቶኛን እንደ መጨረሻ ፍርድ መውሰድ ነው። መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ትናንት 20 ስኒ ሸጣ ዛሬ 40 ብትሸጥ ሽያጯ 100 በመቶ አድጓል። ጎረቤቷ የሕንፃ ሥራ ተጀምሮ ከሆነ ግን ግንበኞቹ መቼ እንደሚሄዱ ሳይጠየቅ ስለ ነገ ገበያዋ መናገር አይቻልም። ፓስፊክ ውስጥ ያሉትን የሰሜን ማሪያና ደሴቶች ተመልከቱ፤ ሕዝባቸው 50 ሺህ ገደማ የሆነ የአሜሪካ ግዛት ናቸው። ከደሴቶቹ ትልቋ በሆነችው ሳይፓን ላይ ካዚኖ ተከፍቶ ገንዘብ ሲጎርፍ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 የአገር ውስጥ ምርታቸው (በዓመቱ እዚያ የተመረተው ዕቃና አገልግሎት ሁሉ ዋጋ) በየዓመቱ ሩብ ገደማ አደገ። በ2018 የካዚኖው ገቢ ሲያሽቆለቁል፣ በዓመቱ መጨረሻ ገደማም ዩቱ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታቸው፣ አንድ አምስተኛ ያህሉ ወረደ። የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶችም በ2012 ሴንት ክሮይ ላይ የነበረው ትልቅ የነዳጅ ማጣሪያ ሲዘጋ ተመሳሳይ መውደቅ ደርሶባቸዋል።

የአሜሪካ ሳሞዋ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2009 ሱናሚ መታት፤ በዚያው ወር መጨረሻ ከሁለቱ ትልልቅ የቱና ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካዎቿ አንዱ ተዘጋ። ፋብሪካው እንደሚዘጋ የተነገረው ከሱናሚው በፊት ነበር። የዓመቱን አሃዝ ብቻ ያየ ተማሪ ጥፋቱን ሁሉ በማዕበሉ ላይ ያላክከዋል። ስለዚህ ከመቶኛው አጠገብ የትኛው ድርጅት እንደተከፈተ ወይም እንደተዘጋ፣ በየትኛው ወር እንደሆነ ጻፉ፤ የአምስት ዓመት አማካይም ጨምሩበት።

ከውድቀት ማግስት የሚመጣውን ከፍተኛ መቶኛ እንደ ተአምር የሚቆጥሩም አሉ። ማልዲቭስ በኮቪድ ዓመት ሲሶ ያህል ኢኮኖሚዋን አጣች። 100 የነበረው 67 ከሆነ በኋላ ወደ ቦታው ለመመለስ ብቻ 50 በመቶ ገደማ ማደግ አለበት። በሠንጠረዡ ላይ «በዓለም ፈጣኑ ዕድገት» የሚመስለው ቁጥር፣ ሕዝቡ ገና ከነበረበት እንዳልደረሰ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል።

በጣም የምቆረቆርበት ስህተት በደሴቲቱ የተመረተውን የደሴተኛው ገቢ አድርጎ መጻፍ ነው። የአሜሪካ ግዛት በሆነችው ፖርቶ ሪኮ ውስጥ የአሜሪካ የመድኃኒት ኩባንያዎች ግዙፍ ትርፍ ያስመዘግባሉ፤ ትርፉ በአገር ውስጥ ምርት ይቆጠርና ወደ ባለቤቶቹ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት አጠቃላይ ብሔራዊ ምርቱ፣ ማለትም ለደሴተኛው ለራሱ የሚደርሰው፣ የአገር ውስጥ ምርቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ የደሴቲቱ የፕላን ቦርድም ዕድገትን ሲናገር የሚያስቀድመው ብሔራዊ ምርቱን ነው። የኪሪባቲ የተገላቢጦሽ ነው። የውጭ መርከቦች በባሕሯ ቱና ለማስገር የሚከፍሉት የፈቃድ ገንዘብ የተፈጥሮ ሀብት ኪራይ ሆኖ ስለሚመዘገብ ከአገር ውስጥ ምርት ውጭ ነው፤ በብሔራዊ ገቢ ውስጥ ግን ይገባል። እዚያ ብሔራዊ ገቢው ከአገር ውስጥ ምርቱ በብዙ ይበልጣል። ኬፕ ቨርዴ ላይ የሚጽፍ ደግሞ ከውጭ ዘመድ የሚልከውን ገንዘብ ማስታወስ አለበት። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ልጃቸው ከጅዳ ወይም ከቤይሩት በምትልከው የሚኖር ቤተሰብ ያላየ ማን አለ? ያ ብር የአገር ውስጥ ምርት አይደለም፤ ምድጃው የሚነደው ግን በእሱ ነው። የአገር ውስጥ ምርቱንና ብሔራዊ ገቢውን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ልዩነታቸው ራሱ ምዕራፍ ይወጣዋል።

አደጋ ሲመጣ ሌላ መሳሳት አለ። የአገር ውስጥ ምርት የሚለካው በዓመቱ የተመረተውን እንጂ የጠፋውን ጥሪት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ዶሚኒካ ላይ ያደረሰችው ጉዳትና ኪሳራ በ2016 ከነበረው የአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 226 በመቶ ተገምቷል። የፈረሰው ጣሪያ መልሶ ሲሠራ ደግሞ ዕድገት ሆኖ ይቆጠራል። የነፍስ ወከፍ አሃዝም በዚህ ጊዜ አይታመንም፦ ሞንትሰራት ላይ ከ1995 ጀምሮ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ተሰዷል። አካፋዩ እንዲህ ሲያንስ የነፍስ ወከፍ ድርሻው ማንም ሳይበለጽግ ሊጨምር ይችላል።

ዋጋን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ዱቄቱም ነዳጁም ሲሚንቶውም በመርከብ በሚገባበት ቦታ የዋናውን ምድር የዋጋ መለኪያ መጠቀም፣ የመርካቶን የዘይት ዋጋ ይዞ ጂንካ ያለ ቤተሰብን ኑሮ እንደመመዘን ነው። የደሴቲቱ የራሷ የዋጋ መረጃ ከሌለ፣ በወቅታዊ ዋጋ (የዋጋ ለውጥ ሳይቀነስለት) የተሰላ መሆኑን በግልጽ ጻፉ።

ግዛቶቹ በ«እናት አገራቸው» አሃዝ ውስጥ አሉ ብሎ መገመትም ያሳስታል። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ምርት 50ዎቹን ክፍላተ አገራትና ዋሽንግተን ዲሲን ብቻ ይይዛል፤ ጓምም ፖርቶ ሪኮም የሉበትም። በፈረንሳይ ሥር ካሉት ደሴቶች ግን ሬዩንዮን በፈረንሳይ ሂሳብ ውስጥ አለች፤ ኒው ካሌዶኒያ የለችም። በዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ላይ ባዶ ሳጥን ስታዩ ዜሮ ብላችሁ አትሙሉ።

መነሻ ዓመቱ (ሌሎቹ ዓመታት የሚነጻጸሩበት ዓመት) የተቀየረን ተከታታይ መረጃ ከአሮጌው ጋር መቀጠልም እንዲሁ ነው። ኮሞሮስ ሂሳቧን በአዲስ መነሻ ዓመት ስታሰላ ኢኮኖሚዋ ትልቅ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2019ም የዓለም ባንክ ወደ ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ምድብ አሸጋገራት። ሁለቱን መስመሮች የቀጠለ ተማሪ በአንድ ሌሊት ያልተከሰተ ዕድገት ያሳየናል።

የዘመን አቆጣጠር ስህተት እኛ ዘንድ ይብሳል። የፖርቶ ሪኮ በጀት ዓመት ከጁላይ እስከ ጁን ነው። ማሪያ የመታቻት በሴፕቴምበር 2017 ቢሆንም ጉዳቱ የሚመዘገበው በ2018 በጀት ዓመት ነው፤ እሱም እኛ 2010 በጀት ዓመት ከምንለው ጋር በጥቂት ቀናት ልዩነት ይገጥማል። አንድ ረቂቅ ውስጥ ሦስቱም አቆጣጠሮች (የፈረንጆቹ ዓመት፣ የፖርቶ ሪኮ በጀት ዓመትና የእኛው) ያለ ምልክት ተደባልቀው፣ አውሎ ነፋሱ ኢኮኖሚው ከወደቀ ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣ መስሎ አንብቤያለሁ። ተማሪው ሙሉውን ሠንጠረዥ እንደገና ሠራው፤ በእያንዳንዱ ዓመት ራስጌ ላይም የመነሻና የመድረሻ ወሩን ጻፈበት።