የማይሰበር ጎራዴ፦ ጃፓናዊ ቅርጽ በባሌስትራ ብረት

የመጀመሪያው ጎራዴዬ የተሰበረው በሦስተኛው ምት ነው። ውሃ የጠጣ የሰሌን ጥቅል እየቆረጥኩ ነበር። ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ተገንጥሎ በረረና ጋራዡ በር ላይ ተሰካ። በሩ አጠገብ ሰው አልነበረም። ልጄ ግን ከአምስት ደቂቃ በፊት እዚያው ቆማ ነበር።

ማታ ስብራቱን በእጅ ባትሪ አየሁት። ፊቱ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ትልልቅ ቅንጣት ነበር። ብረቱን ከልክ በላይ አግየዋለሁ፣ ካጠነከርኩት በኋላም በቂ አላለዘብኩትም። ማጠንከር ማለት አግሎ ዘይት ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ ማለዘብ ማለት ደግሞ እንዳይሰበር እንደገና በመጠኑ ማሞቅ ነው። ስለቱ ሞረድ አይነካውም ነበር፤ በዚያ ስኮራ ነው የከረምኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለት ስሠራ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ያህል ይሳላል?» ብዬ ሳይሆን «ሲመታ ምን ይሆናል?» ብዬ ነው።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። እንጀራዬ የከባድ መኪና ጥገና ነው። አጎቴ ደግሞ ደብረ ብርሃን አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባሌስትራ ማጭድና ቢላ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ባሌስትራ ለእኔ ከሁለት ወገን የቤተሰብ ብረት ነው።

መጀመሪያ ሁለት ቃል እንለይ። ጠጣር ብረት ማለት የማይቧጨር፣ ስለቱ ቶሎ የማይዶለዱም ነው። ጽኑ ብረት ማለት ሲመታና ሲጎብጥ ችሎ የሚይዝ፣ የማይሰነጠቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ለአጭር ቢላ ጠጣርነት ይበልጣል። 70 ሳንቲ ሜትር ለሚረዝምና በሁለት እጅ ለሚሰነዘር ስለት ግን ጽናት ይቀድማል።

የጃፓን አንጥረኞች ይህን ችግር በራሳቸው መንገድ ፈተውታል። ብረታቸው ታማሃጋኔ ይባላል፤ ታታራ በሚባል የሸክላ እቶን ከብረት አሸዋና ከከሰል ይወጣል። ሺማኔ ክፍለ ሀገር፣ ኦኩኢዙሞ ውስጥ በ1977 እ.ኤ.አ. ዳግም የተነሳው ታታራ ዛሬም ለአንጥረኞች ብረት ያቀርባል። ታማሃጋኔ ከእቶን ሲወጣ ካርቦኑ ወጥ አይደለም፣ ቆሻሻም አለበት። ደጋግመው የሚያጥፉት ለዚህ ነው። ከዚያ ለስላሳ ብረት በልቡ ይከታሉ፣ ጀርባውን በጭቃ ሸፍነው ውሃ ውስጥ ያጠልቁታል። ስለቱ ጠጣር፣ ጀርባው ለስላሳ ይሆናል። እኛ ፋብሪካ ያወጣውን ወጥ ብረት ስለምንይዝ ማጠፍ አያስፈልገንም።

ጃፓን ውስጥ ጎራዴ የሚሠራው ፈቃድ ያለው አንጥረኛ ብቻ ነው። ቢያንስ አምስት ዓመት በአንድ መምህር ሥር ይማራል፣ በወር ከሁለት ረጅም ጎራዴ በላይ መሥራትም አይችልም። የእኛን ሥራ ከዚያ ጋር አንድ ስም ባንሰጠው ደስ ይለኛል። «ጃፓናዊ ቅርጽ ያለው ዘመናዊ ጎራዴ» ማለት ይበቃል።

አሁን ወደ ብረት ምርጫ፤ ፊደልና ቁጥሮቹ የብረት ዓይነት ስሞች ናቸው። ሲፒኤም 3ቪ እጅግ ጽኑ ነው፣ ግን ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚግል፣ በፕሮግራም የሚሠራ እቶን ይፈልጋል። ኤስ 7 ለሚመታ መሣሪያ ተብሎ የተሠራ ብረት ነው፤ በአየር ብቻ ይጠነክራል። በኤል 6 አሜሪካዊው ጎራዴ ሠሪ ሃዋርድ ክላርክ ባይናይት የሚባል ጽኑ የብረት ውስጣዊ ቅርጽ እየፈጠረ ያወጣቸው ካታናዎች (ረጅም የጃፓን ጎራዴዎች) ይታወቃሉ፤ ያ ግን የቀለጠ ጨው መንከሪያ የሚፈልግ አደገኛ ሥራ ነው። ለጀማሪ ምክሬ 5160 ነው። ካርቦኑ 0.6 በመቶ አካባቢ ሲሆን ጥቂት ክሮሚየም አለው። መኪና ሥር ገብቶ ዘመኑን ሙሉ ሲታጠፍና ሲመለስ የሚኖረው የባሌስትራ ብረት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ታዲያ አሮጌ ባሌስትራ ፈትታችሁ ጎራዴ እንዳትሠሩ። መካኒክ ስለሆንኩ በየሳምንቱ በነፃ አገኘዋለሁ፣ ግን ለጎራዴ አልነካውም። ለዓመታት የታጠፈ ብረት ውስጥ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይኖራል። ለማጭድና ለቢላ አጭሩን ደህና ቦታ መርጦ መቁረጥ ይቻላል፤ ለ95 ሳንቲ ሜትር ግን ምርጫ የለም። አዲስ ጠፍጣፋ 5160 ግዙ፦ ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር። ትርፉ ለሙከራ ነው፣ እንዳትጥሉት።

ዲዛይኑን በቀጭን ኮምፔንሳቶ ጀምሩ። የእኔ ልክ ይህ ነው፦ ስለቱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ እጀታ ውስጥ የሚገባው ጭራ 25። ስፋቱ ከሥሩ 31 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ አጠገብ 21። ውፍረቱ ከሥሩ 6.3፣ ወደ ጫፉ እየሳሳ 4.5። ጃፓኖች ስለቱ ከ60.6 ሳንቲ ሜትር ሲበልጥ ነው ካታና የሚሉት፤ ከዚያ ካነሰ፣ ከ30.3 በላይ እስከሆነ ድረስ፣ ዋኪዛሺ የሚባል አጭር ጎራዴ ይሆናል።

ጉብጠቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲባጎ ከጫፉ እስከ ስለቱ ሥር በጀርባው በኩል ወጥሩ። በሲባጎውና በጀርባው መካከል ያለው ትልቁ ክፍተት ነው ጉብጠቱ፤ እኔ 16 ሚሊ ሜትር አደርገዋለሁ። ጭቃ ተቀብቶ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ጎራዴ በራሱ ይጎብጣል፣ ምክንያቱም የሚጠነክረው ስለት ይለጠጥና ለስላሳውን ጀርባ ያጎብጠዋል። የእኛ 5160 ግን ሙሉ በሙሉ ዘይት ውስጥ ስለሚጠነክር እንደዚያ አያደርግም። የምትፈልጉት ጉብጠት ሁሉ ሲቆረጥ መኖር አለበት። የኮምፔንሳቶውን አብነት ብረቱ ላይ ሰያፍ አድርጋችሁ ስታስቀምጡት 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ልክክ ብሎ ይበቃል። 4 ሳንቲ ሜትር ብረት ገዝቶ የተቆጨ ጓደኛ አለኝ።

ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ኮምፔንሳቶውን በሁለት እጅ ያዙትና ወዝውዙት። ብረት ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁ የሚለው ነገር አለ። የእኔ የመጀመሪያው እጀታ በ4 ሳንቲ ሜትር የረዘመው በዚህ ምክንያት ነው።

ግራይንደር ላይ ሦስት ነገር ጠብቁ። አንደኛ፣ ስለቱን ገና አታሹሉት፤ ዳሩ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቅር፣ ቀጭን ዳር ዘይት ውስጥ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ሁለተኛ፣ ስለቱና ጭራው የሚገናኙበትን ጥግ በክብ ሞረድ አክቡት። ጎራዴ መሰንጠቅ ሲጀምር ከሹል ጥግ ነው የሚጀምረው። ሦስተኛ፣ የእጀታ ካስማ የሚገባበትን ቀዳዳ በትራፓኖ አሁኑኑ ብሱት፤ ከጠነከረ በኋላ መብሻውን ይበላባችኋል። የመተንፈሻ ጭንብል ሳታደርጉ ግራይንደሩን አታስነሱ።

አሁን ዋናው ሥራ፣ እሳቱ። እዚህ ጊዜ ስጡት።

መጀመሪያ ብረቱን አሳርፉት። 870 ዲግሪ አግላችሁ አየር ላይ አቀዝቅዙት። ከዚያ 840፣ ከዚያ 800። በየጊዜው ጥቁር እስኪሆን ጠብቁ። ይህ ቅንጣቱን ያደቅቀዋል። የመጀመሪያው ጎራዴዬ ስኳር የመሰለው ይህን ዘልዬ ነው።

ከዚያ 830 ዲግሪ አድርሱት፣ አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩት። በዓይን ግምት አትሥሩ። ማግኔት የማይስበው ከ770 ዲግሪ ጀምሮ ስለሆነ ይረዳል፣ ግን በቴርሞኮፕል፣ ማለት እቶን ውስጥ በሚገባ የሙቀት መለኪያ፣ መለካት ሌላ ነው። ዘይቱ ካኖላ ይበቃል፣ ወደ 55 ዲግሪ ሞቅ አድርጉት። የእኔ ዘይት መያዣ ታቹ የተበየደ፣ 120 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ወፍራም ቱቦ ነው። መሬት ላይ ካልታሰረ አትጠቀሙበት። ሥራው ደጅ ላይ ይሁን፤ የብረት ክዳንና እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። ስለቱን በጫፉ በኩል ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡት። ወደ ጎን ካወዛወዛችሁት ይጣመማል፤ ላይና ታች ብቻ።

ከጎራዴው በፊት ግን ያንን ትርፍ ቁራጭ በዚሁ መንገድ አጠንክሩት። ሳታለዝቡት ሞርሳ ላይ እሰሩት፣ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ መነጽር አድርጋችሁ በመዶሻ ስበሩት። ስብራቱ ግራጫ፣ ፈዛዛ፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ ልስልስ ካለ ጥሩ ነው። የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ካያችሁ ሙቀታችሁ በዝቷል፣ ወደ ማሳረፉ ተመለሱ። አንድ ጊዜ ለአጎቴ በቪዲዮ ስደውል አዲሱን ጎራዴ ላሳያቸው ጓጉቼ ነበር። «እሱን ተወው፣ የሰበርከውን አሳየኝ» አሉኝ። ስልኩን ቁራጩ ላይ አስጠግቼ ያዝኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩና «አሁን ሥራ ጀመርክ» አሉ።

ከዘይቱ የወጣ ስለት እጅ የሚያስችል ሙቀት ላይ ሲደርስ ሳትውሉ ሳታድሩ አለዝቡት። በዚያ ሰዓት ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ነው። እኔ 400 ዲግሪ፣ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት አደርጋለሁ። ጠጣርነቱ በሮክዌል ሲ ሚዛን ወደ 50 ይጠጋል። 205 ዲግሪ ላይ ቢቀር ከ57 በላይ ይሆንና ስለቱ የተሻለ ይቆያል፤ ያንን ለአጭር ቢላ እመርጠዋለሁ። ከ260 እስከ 370 ያለውን መሃል ግን ሽሹት። እዚያ ውስጥ ብረቱ ለሰስ ቢልም ጽናቱ አብሮ አይጨምርም፣ ሊቀንስም ይችላል።

ረጅም እቶን ከሌላችሁ ሙቀት ሥራ ለሚሠራ ድርጅት ላኩት። ነውር የለውም። ብዙ ጥሩ ሠሪዎች እንዲሁ ያደርጋሉ። ስትልኩ የብረቱን ስምና የምትፈልጉትን የሮክዌል ቁጥር ጻፉላቸው፣ «ጎራዴ ነው» ብቻ አትበሉ።

በጎራዴ ላይ የሚታየው ነጭ ማዕበል፣ ሃሞን የሚሉት፣ 5160 ላይ አይወጣም ማለት ይቻላል። ክሮሚየሙ ብረቱን እስከ ልቡ ስለሚያጠነክረው ጭቃው ብዙ ልዩነት አይፈጥርም። በአሲድ የተሳለ የውሸት ማዕበል ግን አትሥሩ። ያ መስመር በእሳት የተገኘ የሥራ ምስክር ነው። የሌለውን ነገር ብረት ላይ መጻፍ ለእኔ የሐሰት ፊርማ ነው።

ማለስለሱ ትዕግሥት ብቻ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ከ120 ጀምሮ እስከ 800፣ ሁልጊዜ በጠንካራ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ። በጣት ከያዛችሁት በጎኑ የሚሄደው ሹል መስመር ይሟሟል።

እጀታው ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። ስለቱ ሥር የሚገባው የመዳብ አንገት፣ ሃባኪ፣ ስለቱን ሰገባው ውስጥ አንቆ የሚይዘው ነው። እጀታውን ከሁለት ግማሽ እንጨት ፈልፍሉት፤ ጭራው ያለ ሙጫ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት። ከዚያ እንጨቱን የሚሸፍነው የአሳ ቆዳ፣ ከዚያ በላዩ የሚጠመጠመው ጥልፍ። ስለቱን ከእጀታው ጋር የሚይዘው ግን አንዲት የቀርከሃ ካስማ ናት። እኔ ሁለት አደርጋለሁ። ደረቅ፣ ጭረቱ ጥቅጥቅ ያለ ቀርከሃ ይሁን። ቀርከሃ ቢደክም በጭረቱ ይሳሳል እንጂ በአንዴ ለሁለት አይቆረጥም፣ አስቀድሞ ይታያችኋል። ሰው ፊት ጎራዴ ከማንሳቴ በፊት ሁልጊዜ ካስማዎቹን በአውራ ጣቴ ገፋ አደርጋለሁ።

የምትኖሩበት ቦታ ሕግ ጎራዴ ስለመያዝና ይዞ ስለመውጣት ምን እንደሚል ብረት ከመግዛታችሁ በፊት እዩ።

ፈተናው ሁለት ነው። መጀመሪያ እጀታ ሳይገባ ጫፉን በሁለት እንጨት መሃል ሞርሳ ላይ እሰሩና ወደ ጎን 15 ሳንቲ ሜትር ሳቡት፣ ልቀቁት። ቀጥ ብሎ መመለስ አለበት። ሁለተኛው እጀታው ከገባ በኋላ ሰሌን መቁረጥ ነው። ሰሌኑ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይደር። ከፊትም ከኋላም ከጎንም ሰው አይኑር፣ ልጅ ደግሞ ቤት ውስጥ ይሁን።

ከአምስት ምት በኋላ አቁሙ። ስለቱን ጠርጉ፣ ካስማዎቹን እዩ፣ ከዚያ ጀርባውን ወደ መብራት አዙራችሁ በአንድ ዓይን ተመልከቱት። ምቱ ከመስመር ወጥቶ ከነበረ ትንሽ ወደ ጎን ጎብጦ ታገኙታላችሁ። ሁለት የእንጨት ጥርስ ባለው ማቃኛ ቀስ እያላችሁ፣ በየሚሊ ሜትሩ እያያችሁ መልሱት። ይህ ብረት ይቃናል።