በውክፔዲያ የስፖርት ጽሑፎች ላይ የምንጭ ጠብ ሲነሳ ሳይሰዳደቡ መስማማት እንዴት ይቻላል?

ውክፔዲያ ላይ የስፖርት ጽሑፍ ያረመ ሰው ያውቀዋል፤ ሰው የሚጣላው በፖለቲካ ብቻ አይደለም። የአንድ ሯጭ ሰዓት ወይም የአንድ ክለብ የዋንጫ ብዛት ሁለት ጨዋ ሰዎችን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጻፍና ሲያሰርዝ ያድራል። ከእነዚህ ጠቦች አብዛኞቹ ውሸታም የለባቸውም። ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቆጥረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ይጋጫሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ዋሸ?» ሳይሆን «ምን ተቆጠረ?» ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ለምን እንደዚህ ማለት እንዳስፈለገኝ አራተኛው ላይ ይገለጣል።

1. መመላለሱን ያቁሙ

የጻፉትን ሌላ ሰው ሲሰርዝብዎ አንድ ጊዜ መመለስ ያለ ነው። ሁለተኛው ግን የጠብ መጀመሪያ ነው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌሎችን ለውጥ ሽሮ ገጹን ወደ ቀድሞው የመለሰ ሰው ሊታገድ ይችላል፤ «ትክክለኛው እኔ ነኝ» ማለት አያድነውም። ሃያ አምስተኛው ሰዓት እስኪደርስ ጠብቆ አራተኛውን የሚመልስ ብልጥም አይጠፋም። አስተዳዳሪዎች ይህን ብልጠት ከለመዱት ቆይተዋል፤ እንደ ማጭበርበር ስለሚቆጥሩት እሱም ያስቀጣል።

ገጹ በተሳሳተው ቅጂ ላይ ቆሞ ቢሆንም ይተዉትና አርታኢዎች ስለ ጽሑፉ ወደሚነጋገሩበት የውይይት ገጽ ይሂዱ። የአንድ ውድድር ሰዓት ለሁለት ቀን ተዛብቶ ቢቆይ የሚጎዳ ሰው የለም።

የሚጎዳ ሰው ሲኖር ነገሩ ይለያል። በሕይወት ስላለ ሰው ያለ ምንጭ የተጻፈ ክስ፣ በተለይ የአበረታች መድኃኒት ወሬ፣ ውይይት ሳይጠበቅ ወዲያው ይነሳል። ምንጭ አለው የተባለውም ቢሆን በጥንቃቄ ይነበብ። የአትሌቲክስ ንጽሕና ተቆጣጣሪ ክፍል በ2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የታገዱ አትሌቶችን ዝርዝር ለሕዝብ ያወጣል፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ግን «ጊዜያዊ እገዳ» የሚባል አለ፤ ጉዳዩ ገና አልተወሰነም ማለት ነው። «በጊዜያዊነት ታገደ» የሚለውን «መድኃኒት ተጠቀመ» ብሎ የሚገለብጥ አርታኢ የሰው ስም ያጠፋል፤ ቀስ ብሎ መነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም።

2. የተቆጠረው ምን እንደሆነ ይለዩ

ትዕግስት አሰፋ ሴፕቴምበር 2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ኤፕሪል 2025 ለንደን ላይ 2:15:50 ስትገባም ዜናው እንደገና «የዓለም ክብረ ወሰን» አለ። አንድ ቅን አንባቢ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያያል፤ ሁለተኛው ወደ አራት ደቂቃ የዘገየ ነው፤ «ስህተት» ብሎ ይሰርዛል። ሌላው ዜናውን አያይዞ ይመልሳል። ሁለቱም ያነበቡት እውነት ነው። የስፖርቱ የበላይ አካል የሆነው የዓለም አትሌቲክስ ለሴቶች ማራቶን ሁለት መዝገብ ይይዛል፤ አንዱ ወንዶችና ሴቶች አብረው ለሚሮጡበት፣ ሌላው ሴቶች ያለ ወንድ አሯሯጭ ብቻቸውን ለሚሮጡበት። «በሴቶች ብቻ ውድድር» የሚሉ ሦስት ቃላት ሲገቡ ጠቡ ያልቃል፤ ማንም ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ኤፕሪል 2011 ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ ቦስተን ላይ 2:03:02 ገባ። ያን ጊዜ የነበረው ክብረ ወሰን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ ያስመዘገበው 2:03:59 ነው። ታዲያ ኃይሌ ተሰበረበት? በደንቡ መሠረት አልተሰበረበትም። የቦስተን መንገድ መነሻውና መድረሻው እጅግ የተራራቀ፣ ቁልቁለቱም ከሚፈቀደው በላይ ስለሆነ እዚያ የሚገባ ሰዓት ለክብረ ወሰን አይበቃም። የኃይሌን ሰዓት ያወረደው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በርሊን ላይ 2:03:38 የገባው ፓትሪክ ማካው ነው። የኤሊዩድ ኪፕቾጌ የቪየናው 1:59:40ም ከዚህ አይለይም፤ በ2019 በእርግጥ ተሩጧል፣ ነገር ግን አሯሯጮች እየተፈራረቁ የሮጡበት እንጂ ለሁሉም ክፍት የሆነ ውድድር ስላልነበረ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም «ፈጣኑ ሰዓት» እና «ክብረ ወሰን» በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።

እግር ኳስ ላይ ደግሞ የዋንጫ ቆጠራ አለ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ለአሥርተ ዓመታት ይካሄድ ነበር። አንዱ ዘገባ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ብቻ፣ ሌላው ሁሉንም ይደምራል። የተጫዋች ጎልም እንዲሁ ነው፤ የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ በስተቀኝ ያለው የመረጃ ሰንጠረዥ የሊግ ጨዋታዎችን ብቻ ስለሚይዝ፣ የዋንጫና የአህጉር ጨዋታ ጎሎችን የሚጨምር ደጋፊ በየሳምንቱ ይመጣል። አይቆጡት፤ ደንቡን ያሳዩት።

3. ምንጩን እስከ ሥሩ ይከተሉ

አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ክርክሩ ሲሞቅ ሰው ማስረጃ መደርደር ይጀምራል፤ አንዱ አምስት ሲያመጣ ሌላው አሥር ይዞ ይመጣል። ግን አንዱን ወሬ አሥር ሰው ስላወራው አሥር ምስክር አይሆንም።

አበበ ቢቂላን እንውሰድ። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሮጦ ሲያሸንፍ «የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ» ሆነ የሚል ዓረፍተ ነገር በአማርኛም በእንግሊዝኛም በብዛት ይገኛል። ይህን የጻፉ ሃያ ገጾችን ማግኘት አይከብድም። ነገር ግን በ1928 አምስተርዳም ላይ ግብፃውያን በክብደት ማንሳትና በትግል ወርቅ ወስደዋል፤ ደቡብ አፍሪካዊው ሬጂ ዎከርም በ1908 ለንደን ላይ የ100 ሜትር አሸናፊ ነበር። ትክክለኛው አነጋገር «የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ» ነው። ሃያው ገጽ ያስረዳው ስህተቱ ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ ብቻ ነው። ይህን እርማት የሚያስገባ ሰው «የአበበን ክብር ሊቀንስ መጣ» ሊባል እንደሚችል ይወቅ፤ መልሱን የያዘው የ1928ቱ ውጤት ስለሆነ በክርክሩ መግቢያ ላይ እሱን ያስቀምጥ።

ሥሩን ለመፈለግ እንዲህ ያድርጉ። የቀረቡትን ማያያዣዎች በሙሉ ይክፈቱና እያንዳንዱ ወሬውን ከማን እንደወሰደ ይዩ። «እንደ ዘገባዎች ከሆነ» ብሎ የሚያልፈውን ይጣሉት። የቀሩትን በታተሙበት ቀን ይደርድሩ። ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ሁለት ላይ ይቀራል፤ አንዳንዴም አንድ ላይ፤ እሱም የአንድ ደጋፊ የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ የጽሑፉን የለውጥ ታሪክ ይክፈቱና አወዛጋቢው ቁጥር መቼ እንደገባ ይፈልጉ። ጋዜጣው የታተመው ቁጥሩ ውክፔዲያ ላይ ከገባ በኋላ ከሆነ፣ ጋዜጠኛው ከዚያው ገጽ መቅዳቱን ይጠርጥሩ። አርታኢው ቁጥር ከራሱ ይጽፋል፣ ጋዜጣው ይቀዳዋል፣ አርታኢው ተመልሶ ጋዜጣውን ምንጭ ያደርገዋል። የተጫዋቾች ቁመትና የልደት ቀን ላይ ይህ ሞልቷል። ለፍለጋው ዊኪብሌም የሚባል መሣሪያ አለ፤ ዘገምተኛ ነው፤ ብዙ ሺህ ለውጥ ያለበትን ገጽ በእጅ ከማገላበጥ ግን ይሻላል። የአገራችን ስፖርት ድረ ገጾች ቶሎ ስለሚዘጉ የሞተ ማያያዣ ሲያገኙ ከመሰረዝዎ በፊት የድረ ገጾችን የቀድሞ ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ ይፈልጉት። «አይከፈትም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

ስለ ምንጭ ዓይነቶች ባጭሩ። የተጫዋቾች መረጃና ዝውውር የሚገኝበት ድረ ገጽ ትራንስፈርማርክት ምቹ ነው፤ የሚሞላው ግን በተጠቃሚዎች ስለሆነ እንግሊዝኛው ውክፔዲያ እንደ አስተማማኝ ምንጭ አይቀበለውም። ለማየት ይጠቀሙበት፣ ምንጭ አድርገው አይጥቀሱት። የተጫዋቹ የራሱ የተረጋገጠ ገጽ ስለ ራሱ ቀላል ነገር ለመናገር ይበቃል፤ ስለ ተቀናቃኙ ለመናገር አይበቃም። ዝውውር ክለቡ ሳያስታውቅ አይጻፍ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያዘጋጀው ማጠቃለያ ደግሞ ጨርሶ ምንጭ አይደለም፤ በሌለ ዘገባ ላይ የሌለ ማያያዣ ጨምሮ ሲሰጥ ታይቷል።

4. ቀንና ስም

የኢትዮጵያን ስፖርት የሚነኩ ጽሑፎች ላይ ግማሹ «ቅራኔ» የዘመን አቆጣጠር ነው። ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ጃንዩወሪ 21 ቀን 1962። አንዱን ብቻ ከጻፉ የሚያርምልዎ ሰው አይጠፋም፤ ሁለቱንም ይጻፉ። ምንጩ የልደት ዓመትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ከሰጠ ወደ አንድ የፈረንጅ ዓመት አይቀይሩት። 1984 ዓ.ም. በ1991 ተጀምሮ በ1992 የሚያልቅ ነውና «1991/92» ተብሎ ይቀመጥ።

ስም ላይ፦ የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ቀነኒሳን «በቀለ» እያለ የሚጽፍ ሰው ሲያጋጥም አባቱን እንደሮጠ አድርጎ እንደሚያስነብብ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ሰውየው አላዋቂ እንጂ ናቂ አይደለም። ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም እንደሚጠራ የሚገልጽ ዝግጁ ማሳሰቢያ ስላለ በገጹ አናት ላይ ያድርጉት።

5. ስለ ጽሑፉ እንጂ ስለ ጸሐፊው አይጻፉ

ማንነቱን ለማያውቁት ሰው በአማርኛ ሲጽፉ «እርስዎ» ይበሉ። ከዚያ ማዶ ያለው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅም የስልሳ ዓመት ጡረተኛም ሊሆን ይችላል፤ «አንተ» የተባለ ትልቅ ሰው ምንጩን ማየት ትቶ ክብሩን ማስመለስ ይጀምራል።

እነዚህን ሁለት አስተያየቶች ያወዳድሩ።

«የጊዮርጊስ ደጋፊ መሆንህ ያስታውቃል። ታሪክ ሳታነብ ገጹን አታበላሽ።»

«በሦስተኛው አንቀጽ የተጠቀሰው ዘገባ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ያሉትን ዋንጫዎች ብቻ ይቆጥራል። ጽሑፉ ግን ‹በታሪኩ› ይላል። ‹ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረ ወዲህ› ብለን ብናስተካክለው ይስማማሉ?»

የመጀመሪያው መልስ የሚሻ ነገር የለውም፤ መልሱ ስድብ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቦታውን፣ ጉድለቱንና መፍትሔውን ስለያዘ ሌላኛው ወገን «እሺ» ማለት ይችላል። የለውጥ ማጠቃለያው (ለውጡን ሲያስቀምጡ የሚጽፉት አጭር ማብራሪያ) ላይም እንዲሁ ይጻፉ፤ እዚያ የገባ ስድብ ተመልሶ አይታረምም። ዝግጁ ማስጠንቀቂያዎችን በአንድ ጠቅታ የሚለጥፉትን መሣሪያዎች አልወዳቸውም። ለአጥፊ ይሆናሉ፤ ለብዙ ዓመት አርታኢ ግን የፖሊስ ክስ ይመስላሉ።

ነገሩ ወደ ብሔር ከዞረ (የአትሌት የትውልድ ቦታ ላይ መዞሩ አይቀርም) ምንም አይመልሱ። የስድቡን ለውጥ ማያያዣ ከነቀኑ ይያዙና ለአስተዳዳሪዎች ያመልክቱ። በሁሉም ቋንቋዎች ላይ የሚሠራ አጠቃላይ የሥነ ምግባር ደንብ አለ፤ አማርኛው ውክፔዲያ ላይ ንቁ አስተዳዳሪ ቢጠፋ እንኳ የሁሉም ፕሮጀክቶች የጋራ ገጽ በሆነው ሜታ ላይ መጋቢዎችን፣ ማለትም በሁሉም ፕሮጀክቶች ላይ ሥልጣን ያላቸውን አርታኢዎች፣ ማነጋገር ይቻላል። አቤቱታው ሦስት መስመር ይበቃዋል። ታሪኩን ከአዳም ጀምሮ የሚተርክ አቤቱታ አንባቢ አያገኝም።

6. ሌላ ዓይን መጥራት

የተከራከሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆኑ እንግሊዝኛው ላይ «ሦስተኛ አስተያየት» የሚጠየቅበት ሰሌዳ አለ። ጥያቄው «ይህ ድረ ገጽ ይታመናል ወይ?» ከሆነ ወደ አስተማማኝ ምንጮች ሰሌዳ ይውሰዱት። ሁለቱም ካልሠሩ ብቻ ሰፊ የአስተያየት ጥሪ ይከፈታል፤ ብዙውን ጊዜ ለሠላሳ ቀን ያህል ስለሚቆይ ለአንድ የጎል ቁጥር አይገባም። ጥያቄው የማን ወገን እንደጻፈው የማያስታውቅ ይሁን።

የክለብዎን ደጋፊዎች ከቴሌግራም ቡድን ጠርተው አያምጡ። ክልክል ነው፤ ደግሞም አይጠቅምም። ውሳኔው በድምፅ ብዛት ስላልሆነ በአንድ ቀን የተከፈቱ አሥራ አምስት አዲስ ስሞች «እስማማለሁ» ሲሉ የሚታየው ጥሪው ብቻ ነው። አንድ ቋንቋ ላይ የተደረሰው ስምምነትም ሌላውን አያስርም፤ «እንግሊዝኛው ላይ ተወስኗል» የሚለው ክርክር አማርኛው ላይ ሊረዳ እንጂ ሊዘጋ አይችልም።

7. ስምምነቱን ገጹ ላይ ይተዉ

የተስማሙበትን ዓረፍተ ነገር ያስገቡ፤ ማጠቃለያው ላይ «በውይይት ገጹ ስምምነት መሠረት» ብለው ማያያዣውን ይጨምሩ። ጥያቄዎን አቅርበው ሳምንት ያህል መልስ ካጡም እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ ለአንባቢ በማይታየው፣ ለአርታኢ ብቻ በሚታየው ማስታወሻ አጠገቡ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ይህ ቁጥር የሊግ ጨዋታዎችን ብቻ ይይዛል፤ ከመቀየርዎ በፊት የውይይት ገጹን ያንብቡ።» ሁሉም አያነበውም። የሊጉ ወቅት ሲከፈት የሚመጡት አዲስ አርታኢዎች ግን አብዛኞቹ ያነቡታል፤ ላላነበበውም ክርክሩን እንደገና ከመጀመር ይልቅ ወደዚያ መጠቆም ይበቃል።