ጎቢንና ሽሪምፑን ኤላት ላይ ለማየት

እስራኤል ውስጥ ቀይ ባሕር ዳር ያለችው ኤላት ሄዶ ማስክ አጥልቆ ባሕር የገባ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳ የሆነው ኮራሉ ላይ ነው። አይፈረድበትም፣ ቀለሙ ልብ ይሰርቃል። እኔ ግን አሸዋውን እዩ ነው የምላችሁ። በኮራሎቹ መሀል ያ ምንም የሌለበት የሚመስለው አሸዋ ላይ ጎቢ የሚባል ጣት የሚያህል ዓሣ ሽሪምፕ ከሚባል ባለ ብዙ እግር ትንሽ የባሕር እንስሳ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል። ቀይ ባሕር ውስጥ ከዚህ የበለጠ የምወደው ነገር የለም።

ሽሪምፑ ጎበዝ ቆፋሪ ነው፣ ዓይኑ ግን ደካማ ነው። ጎቢው ደግሞ አጥርቶ ያያል፣ እንደዚያ መቆፈር ግን አይችልም። ስለዚህ አንዱ ቤት ይሠራል፣ ሌላው በር ላይ ዘብ ይቆማል።

ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ግቡ። ሲመሽ ሁለቱም ጉድጓዳቸው ገብተው ያድራሉ። ኮራል ቢች በሚባለው ጥብቅ ቦታ ኮራሉ እንዳይረገጥ ወደ ውሃው የሚገባው በድልድይ ነው፤ በሌላ በኩል አትሞክሩ። አንዳንዶቹ የጎቢ ዓይነቶች ሁለት ሦስት ሜትር ጥልቀት ላይ ስለሚገኙ ስኖርክል (ውሃው ላይ ተንሳፍፎ መተንፈሻ ቱቦ) ይበቃል። በባሕር ሕይወት ተመራማሪው በሄንዝ ሽታይኒትዝ ስም የተሰየመው፣ ነጣ ብሎ ቡናማ መስመሮች ያሉት ጎቢ ግን ብዙውን ጊዜ ከ6 ሜትር የበለጠ ጥልቀት ላይ ስለሆነ ለጠላቂዎች ነው።

አፉ ላይ ትኩስ አሸዋና ጠጠር የተከመረበት ትንሽ ጉድጓድ ፈልጉ። ግማሽ አካሉን ውስጥ አድርጎ ጭንቅላቱን ያወጣ ዓሣ ካያችሁ እዚያው ቁሙ። በላዩ አትንሳፈፉ፣ ጥላችሁ ያስደነግጠዋል። በጎን በኩል ሁለት ሜትር ያህል ራቁ፣ እግራችሁን አታንቀሳቅሱ። ከገባባችሁም ተስፋ አትቁረጡ፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። መጀመሪያ የጎቢው ጭንቅላት ብቅ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ሽሪምፑ አሸዋውን በጥፍሮቹ እንደ ቡልዶዘር እየገፋ ይወጣል።

አሁን የሽሪምፑን አንቴና፣ ከጭንቅላቱ የሚወጣውን ቀጭን መዳሰሻ፣ ተመልከቱ። ሽሪምፑ ውጭ እስካለ ድረስ አንዱን አንቴናውን ከጎቢው ገላ ላይ አያነሳም ማለት ይቻላል። ጎቢው አደጋ ሲጠረጥር ጭራውን ቶሎ ቶሎ ያወዛውዛል፣ ሽሪምፑም ያቺን ንዝረት እንደሰማ ወደ ኋላ ይሸሻል። የጭራው እንቅስቃሴ ለእናንተም ምልክት ነው፦ ቀርባችኋል፣ ትንሽ ፈቀቅ በሉ። ጎቢው ራሱ በጭንቅላቱ ተወርውሮ ከገባ ግን ወደ ሌላ ጉድጓድ ብትሄዱ ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ ውሃ ውስጥ እንደሚጠበስ ነገር ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ብትሰሙ አትደንግጡ። የዚሁ ሽሪምፕ ዘመዶች ጥፍራቸውን ሲያስጮኹ ነው።

ለማረፍ ብላችሁ እጃችሁን አሸዋ ወይም ድንጋይ ላይ በጭራሽ አታስደግፉ፤ ድንጋይ የሚመስለውና እሾሁ መርዛም የሆነው ስቶንፊሽ እዚያ ሊኖር ይችላል። ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ፍላሹን አጥፉና ከሩቅ ዙም አድርጋችሁ አንሱ።